ፍሬን የሚበላው ቤንዚን፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ፍጥነትን አስተካክሎ ነዳጅ ለመቆጠብ

ጠዋት ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ተነስቶ ወደ መሀል ከተማ የሚነዳ ሰው ስለ ነዳጅ ወጪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኪሱ ነግሮታል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ዋጋውን እኛ አንወስንም። መኪናውንም በአንድ ጀንበር አንለውጥም። ቀኝ እግራችንን የምናዘው ግን እኛው ነን።

ይህ መመሪያ በዋናነት ለአነስተኛ የቤት መኪና ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር ለሚይዝ። ሚኒባስና ፒክአፕ ለሚነዳም ይሠራል። ፍሬ ነገሩ ይኸው፦ በከተማው ዳር ዳር ባሉ መንገዶች ላይ ነዳጃችንን በብዛት የሚወስደው፣ ከፍለን ያገኘነውን ፍጥነት መልሰን በፍሬን መግደላችን ነው። ወደ አዳማ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ነዳጁን የሚበላው ነፋስ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ አነዳድ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 1፦ መኪናችሁ በሊትር ስንት እንደሚሄድ ለኩ

"በሊትር 15 ይሄዳል" የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከደላላ የሰማነው ነው። ከራሳችሁ መኪና የተገኘ ቁጥር ከሌላችሁ ምንም ብታደርጉ ለውጡን አታዩትም።

አለካኩ ቀላል ነው። ማደያ ገብታችሁ ፉል አስደርጉ። ፓምፑ ራሱ ሲያቋርጥ ቀጂው እዚያው ላይ ያቁም፤ እያንጠባጠበ አይጨምር። የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። ከዚያ እንደ ወትሮው ንዱ። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ፣ ከተቻለ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ፉል አስደርጉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉት። 320 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 25 ሊትር ከገባ፣ መኪናችሁ በሊትር 12.8 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። የገባውን ሊትር ሳታዩ ከወጣችሁም ችግር የለም። በስልክ የከፈላችሁበት መልእክት አለ፤ ብሩን በሊትር ዋጋው አካፍሉት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የአንድ መንገድ ጉዞን ብቻ አትለኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። አዳማ ወደ 1,700 ገደማ ነው። ስትወርዱ የሚገኘው ቁጥር ያስደስታል፣ ስትመለሱ የሚገኘው ያስደነግጣል። ሁለቱም ብቻቸውን አይታመኑም። ደርሶ መልሱን ደምራችሁ አስሉ። ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥታችሁ ሱሉልታ የምትመላለሱም እንደዚያው አድርጉ።

ደረጃ 2፦ መኪናችሁ የሚስማማውን ፍጥነት ፈልጉ

ሞተር ቆሞም ይበላል። ትንሽ የቤንዚን ሞተር መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። እየተጎተታችሁ ስትሄዱ ያ ነዳጅ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይከፋፈላል። ስለዚህ በጣም መዝገም ነዳጅ አያድንም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር የአየር ግፊት ይመጣል። በሁለቱ መሀል መኪናው ትንሽ የሚበላበት ቦታ አለ። ለብዙ አነስተኛ መኪና ይህ በመጨረሻው ማርሽ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ነው።

የራሳችሁን ለማግኘት ሜዳ የሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። መኪኖች በማይበዙበት ሰዓት ወደ ሰንዳፋ መውጫ ላይ ይገኛል። ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ ፍጆታ የሚያሳይ መኪና ከሆነ፣ ወሰኑ የሚፈቅድበት ቦታ ላይ በ50፣ በ60፣ በ70፣ በ80 ለየብቻ ትንሽ ረጋ ብላችሁ ሂዱና ቁጥሩን አብሯችሁ ያለው ሰው ይያዝላችሁ። እናንተ መንገዱን እዩ። ብዙ የጃፓን መኪኖች በቁጠባ ስትነዱ የሚበራ ኢኮ የሚል መብራትም አላቸው። እሱም ይጠቅማል።

ማሳያ የሌለው መኪና ከሆነ የሞተሩን ዙር ተመልከቱ። በማኑዋል መኪና ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ሲደርስ ማርሽ ጨምሩ። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካጉረመረመ ቸኩላችኋል፤ አንድ ማርሽ መልሱ። እዚህ ላይ የከፍታችን ነገር ይገባል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ግድ አትበሉት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ በአራተኛ ከመታገል፣ በሦስተኛ ረጋ ብሎ መውጣት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ፍሬን የሚያስይዛችሁን ነገር ቀድማችሁ እዩ

እዚህ ደረጃ ላይ በደንብ እንቆይ። ከሌላው ሁሉ የበለጠ ነዳጅ የሚተርፈው እዚህ ነው።

መኪና ሲፈጥን ጉልበት ያጠራቅማል። ያ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ60 ወደ 80 ከፍ ስትሉ ፍጥነታችሁ በሲሶ ይጨምራል፤ የተጠራቀመው ጉልበት ግን በ78 በመቶ ይጨምራል። ከ40 ወደ 60 ከሆነ ከእጥፍ ያልፋል። ይህ ሁሉ የተገኘው ከታንኩ ነው። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ሁሉም ወደ ሙቀት ተለውጦ ከጎማው ሥር ይጠፋል። መልሳችሁ አታገኙትም።

አሁን ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገናና ሰበታ፣ ወይም ከቃሊቲ ወደ አቃቂና ገላን ያለውን መንገድ አስቡት። ጉብታ አለ። አደባባይ አለ። ጋሪ አለ። ባጃጅ ድንገት ይታጠፋል። ሚኒባስ ሰው ለመጫን ካለበት ቦታ ጥግ ይይዛል። ከባድ መኪና ከግቢ ይወጣል። አህያ ጭኖ የሚሻገር ሰው አለ። በሁለት ጉብታ መሀል ያለው ክፍት መንገድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ያንን ኪሎ ሜትር በ60 ብትሄዱ 60 ሰከንድ ይፈጃል። በ80 ብትሄዱ 45 ሰከንድ። ያተረፋችሁት 15 ሰከንድ ነው። እሱንም ቀጣዩ አደባባይ ላይ ተሰልፋችሁ ትመልሱታላችሁ። ያለፋችሁትም መኪና ከኋላችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ አድርጉ፦

ዓይናችሁን ከፊታችሁ ባለው መኪና ላይ ብቻ አታድርጉ። ከእሱ ፊት ያለውን፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን እዩ። የሩቁ መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። ፍሬኑ ላይ ገና አታድርጉ። መኪናው በማርሽ እንዳለ በራሱ ይቀንስ።

ከማርሽ አታውጡት። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሹፌር ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ያምናል። ኢንጀክተር ባላቸው፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር እየተለካ በሚረጭባቸው መኪኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው። በማርሽ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ ከነዳጁ ስታነሱ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያውቅና ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የራሱን ነዳጅ ይጠይቃል። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ነዳጁን እንዲህ አይዘጋም። ቢሆንም ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማድረግ ለእሱም ሞት ነው። ከእንጦጦ ወገብ ወደ ከተማው የሚወርድ የተጫነ መኪና ሞተሩ ካልያዘው፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል አይዝም። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ መሪውም ፍሬኑም ይደነድናሉ። ለአንድ ስኒ ቤንዚን ሲባል የሰው ሕይወት ለአደጋ አይሰጥም።

ጉብታን እንደምታውቁት አድርጋችሁ ቅረቡ። በየቀኑ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ጉብታው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከእሱ በፊት ባለው ዛፍ ወይም ሱቅ ላይ ምልክት ያዙ። እዚያ ስትደርሱ እግር ይነሳ። ልክ ከመጣ፣ ጉብታው ላይ በ20 ገደማ ያለ ፍሬን ትደርሳላችሁ። ከተሻገራችሁ በኋላ ረጋ ብላችሁ፣ ግን ሳትልፈሰፈሱ ፍጥነት ያዙ። ነዳጁን በጣም ሳስቶ መርገጥም በትናንሽ ማርሽ ላይ ያቆያችኋል።

ከሚኒባስ ኋላ ስትሆኑ ራቅ በሉ። በየት በኩል እንደሚቆም አታውቁም። ርቀት ካላችሁ እሱ ቆሞ እስኪነሳ እናንተ ሳትቆሙ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደገና መነሳት ከሁሉ በላይ ነዳጅ የሚወስድ ነገር ነው። ክፍተቱ ውስጥ ሌላ መኪና ቢገባም ይግባ። እንደገና ትንሽ ቀንሳችሁ ክፍተቱን መሥራት ይቻላል።

ለሚኒባስ ሹፌሮችም አንድ ነገር ልበል። የቀን ገቢ ለባለቤቱ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ የተረፈው ለሹፌሩና ለረዳቱ ነው። ተሳፋሪ ለመቅደም መሽቀዳደሙ ከዚህ እንደሚመጣ ይገባኛል። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ቆሞ ከታየና ፊት ለፊት ሌላ ሚኒባስ ከሌለ ግን የሚቀድማችሁ የለም። እዚያ ድረስ በሦስተኛ መጮህ ምንም አይጨምርም። ነዳጁ ከእናንተው ድርሻ ነው የሚወጣው።

ሌላው የመውጫ ሰዓት ነው። መዘጋጋቱ ከመጀመሩ በፊት ከቤት መውጣት የቻለ ሰው፣ ብዙ ነዳጅ ሊያተርፍ ይችላል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ይህን ሁልጊዜ አይችልም። የሚችል ግን ይሞክረው። መኪናው ለረጅም ደቂቃ እንደሚቆም ካያችሁ፣ ለምሳሌ መንገድ ተዘግቶ ሲጠበቅ፣ ሞተሩን አጥፉት።

ደረጃ 4፦ የፍጥነት ወሰኑን ለራሳችሁ ጥቅም ተጠቀሙበት

"30 ኪሎ ሜትር የሚል ምልክት ነዳጅ ያስበላል" የሚል ሙግት እሰማለሁ። በከፊል እውነት አለው። አንድ መኪና ሳይቆም በ30 ቢሄድና ሳይቆም በ60 ቢሄድ፣ በኪሎ ሜትር የሚበላው በ30 ሲሄድ ሊበዛ ይችላል። ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ አይተነዋል። ግን ምልክቱ የተተከለው ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም መናኸሪያ አጠገብ ነው። እዚያ ሳይቆም በ60 የሚሄድ የለም። ያለው ምርጫ በ30 ሳይቆራረጡ መሄድ ወይም 60 ደርሶ ፍሬን መያዝ፣ እንደገና 60 ደርሶ ፍሬን መያዝ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያው ትንሽ ይበላል። ሕፃኑም ይሻገራል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ወሰን ያለበት ቦታ ላይ የምትይዙትን ማርሽ አስቀድማችሁ ወስኑ። በ30 ሁለተኛ ላይ መጮህ አያስፈልግም፤ ሜዳ ከሆነ ሦስተኛ ይበቃል። በ50 አራተኛ። ብዙ አውቶማቲክ መኪኖች እግር ለቀቅ ሲደረግላቸው ራሳቸው ወደ ላይኛው ማርሽ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የፈለጋችሁት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ እግራችሁን ትንሽ ላላ አድርጉ።

የፍጥነት ወሰንና ነዳጅ በሕግ የተያያዙበት ጊዜም ነበር። የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቆሙና የዓለም ዋጋ ሲሰቀል፣ በ1966 ዓ.ም. አሜሪካ በመላ አገሪቱ ፍጥነትን በሰዓት 55 ማይል ላይ ገደበች። 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዓላማው ነዳጅ መቆጠብ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ እኛ አገር የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሹፌር ወሰኑን ስላላከበረ የተገኘው ቁጠባ ከታሰበው ያነሰ ሆነ። በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን በመጀመሪያው ዓመት በግልጽ ቀነሰ። ወሰኑ በ1988 ዓ.ም. ተነሳ።

ደረጃ 5፦ የክፍያ መንገዱ ላይ ነፋሱን አስቡ

ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ስትገቡ ጉብታ የለም፣ አደባባይ የለም፣ ጋሪ የለም። ፍሬን እምብዛም አትነኩም። አሁን ነዳጁን የሚወስነው የያዛችሁት ፍጥነት ነው።

የአየር ግፊትም በፍጥነት ካሬ ያድጋል። ከ100 ወደ 120 ስትወጡ ግፊቱ በ44 በመቶ ይጨምራል። ከ90 ወደ 120 ከሆነ በ78 በመቶ። ሞተሩ ሌላም ሥራ ስላለበት ነዳጁ በዚያ ልክ አይጨምርም። ቢሆንም ብዙ አነስተኛ መኪና በ120 ሲሄድ በ90 ከሚበላው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ120 ከሄዳችሁ 42 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። በ100 ከሆነ 51 ደቂቃ። በ90 ከሆነ 57 ደቂቃ ገደማ። በ90 ላይ በሊትር 16 የሚሄድ መኪና ለጉዞው 5.3 ሊትር ይፈልጋል። ሩብ ሲጨመርበት 6.6 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ 1.3 ሊትር ነው። ሊትሩ ከ100 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ፣ 14 ደቂቃ ለማትረፍ ከ130 ብር በላይ ከፈላችሁ ማለት ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። ለሽርሽር ወደ ቢሾፍቱ የምትሄዱ ከሆነ ግን ለምን?

የእኔ ምክር በ90 እና በ100 መሀል መያዝ ነው። በቀኝ መስመር ሂዱ። ምልክቱ ከሚፈቅደው አትለፉ፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛው ፍጥነት የተጻፈበት ቦታም ላይ ከዚያ አትውረዱ። ክሩዝ (የያዛችሁትን ፍጥነት ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ) ያለው መኪና ሜዳው ላይ ይጠቅማል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣም አስታውሱ፦ በ90 እየሄዳችሁ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠማችሁ፣ መኪናው የሚሰማው የ110 ግፊት ነው። አዳማ አካባቢ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ስትመለሱ መንገዱ ወደ ላይ ነው። ፍጥነቱን በግድ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። ዳገት ላይ ከ95 ወደ 85 ይውረድ፤ አናቱ ላይ ስትደርሱ ራሱ ይመለሳል። ክሩዝ ካለ እዚህ ላይ አጥፉት፤ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ብሎ ነዳጁን ይረግጠዋል።

ደረጃ 6፦ ጥቃቅን ነገሮች

የጎማ ነፋስ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ "ደህና ነው" ቢላችሁ መለኪያ አምጣ በሉት። ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶመጋላ ባዶውን ከሆነ አውርዱት፤ ፈጣን መንገድ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። የኋላ ኮፈን ውስጥ የማትፈልጉትን ዕቃ አትያዙ። በከተማ ውስጥ መስኮት ክፈቱ፣ ፈጣን መንገድ ላይ ዝጉት። የአዲስ አበባ አየር ኤሲ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

ደረጃ 7፦ እንደገና ለኩ፣ ካልተለወጠ ጋራዥ ሂዱ

በአዲሱ አነዳድ ሁለት ሦስት ታንክ ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። የአንድ ጊዜ ልኬት ላይ አትደምድሙ፤ ዝናብም፣ ጭነትም፣ መዘጋጋትም ያዛባል። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ችግሩ እግራችሁ ላይ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሳይለቅ የሚቀር ፍሬን መኖሩን ፈትሹ። ፍሬን ብዙ ሳትነኩ ከተጓዛችሁ በኋላ ወርዳችሁ መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሁልጊዜ ትንሽ ፍሬን ይዛችሁ እየነዳችሁ ነው። ቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ በኮምፒውተር አስነብቡት፤ የኦክስጅን ሴንሰር ሲበላሽ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ሊወስድ ይችላል። የአየር ፊልትሮ በፒስታና በኮብልስቶን ሰፈር ቶሎ ይቆሽሻል። ኢንጀክተር ባለው መኪና ጉዳቱ ከነዳጁ ይልቅ ጉልበት ላይ ይታያል፤ ቢሆንም ጉልበት ያነሰው ሞተር እግር ያስጨምራል።

በመጨረሻ የሞተሩን ሙቀት ስለሚያስተካክለው ቴርሞስታት ጠይቁ። መኪና ሙቀት ጨመረ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ አለ። ችግሩ የተፈታ ይመስላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር ግን ሞተሩ የሚፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይውላል። ያልሞቀ ሞተር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምርለታል። የሙቀት መለኪያው ከብዙ መንዳት በኋላም ከታች ካልተነሳ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ መልሶ ከወረደ፣ መካኒኩን ቴርሞስታት መኖሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከሌለ ለመኪናችሁ ሞዴል የሚሆነውን ገዝታችሁ አስገጥሙ፤ ሙቀቱን ያመጣው የራዲያተር ወይም የፋን ችግር ከሆነም እሱን ለብቻው ያስተካክል።